ምዕራፍ ሰባት፦ ዶሮዋ በጓሮ፣ ሽታዋ በጎረቤት

በሲያትል ከተማ አንድ መኖሪያ ግቢ ውስጥ እስከ ስምንት ዶሮ ማርባት ይፈቀዳል፤ አውራ ዶሮ ግን አይፈቀድም። የዶሮው ቤት በአጎራባች ግቢ ውስጥ ካለ ከማናቸውም ቤት ቢያንስ 10 ጫማ፣ ማለትም 3 ሜትር ያህል መራቅ አለበት። የጋራ አትክልት ቦታ ወይም የከተማ እርሻ ያለበትና ስፋቱ ከ10,000 ካሬ ጫማ (930 ካሬ ሜትር ገደማ) የሚበልጥ ግቢ ደግሞ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ 1,000 ካሬ ጫማ አንድ ዶሮ ይጨመርለታል። ደንቡ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። የከተማዋ አስተዳደር ያንን ዓመት የከተማ ግብርና ዓመት ብሎ ሰይሞት ነበር። እስከዚያ ድረስ የሚፈቀደው ሦስት ዶሮ ብቻ ነበር።

በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ቁጥሩ ይለያል። በዊስኮንሲን ግዛት የምትገኘው ማዲሰን እ.ኤ.አ. በ2004 የፈቀደችው አራት ዶሮ ነበር። ኒውዮርክ ለሴት ዶሮ ምንም የቁጥር ገደብ አላስቀመጠችም፤ አውራ ዶሮን፣ ዳክዬን፣ ዝይንና ተርኪ የሚባለውን ወፍ ግን ቤት በተሠራበት የከተማዋ ክፍል ሁሉ ትከለክላለች። ዶሮዋ በሦስቱም ከተሞች ያችው ዶሮ ናት፤ አበላሏም፣ አስካክታ እንቁላል መጣሏም አይለያይም። ታዲያ ሲያትል ውስጥ ዘጠነኛዋ ዶሮ፣ በ2004 ማዲሰን ውስጥ ደግሞ አምስተኛዋ ዶሮ ምን ስለምታጠፋ ነው የምትከለከለው? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኘው ስለ ዶሮ በማጥናት ሳይሆን፣ የከተማ ደንብ የሚሠራበትን ዘዴ በመረዳት ነው።

ጠፈጠፍና ክንድ

ሁለት ቤቶች ተጠጋግተው ሲሠሩ ጎረቤትን ከጎረቤት ቶሎ ከሚያጋጩ ነገሮች አንዱ የጣሪያ ጠፈጠፍ ነው። ጎረቤት ስለ ሌላው ሰው ቆርቆሮ ቀለም አይገደውም። የሚገደው፣ ክረምት ሲገባ ከዚያ ጣሪያ ወርዶ የእሱን ግድግዳ ስለሚመታው ውሃ ነው። ይሁን እንጂ ይህን ጉዳት አስቀድሞ መለካት አይቻልም። የትኛው ዝናብ፣ በየትኛው ዓመት ግድግዳውን እንደሚያበሰብስ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ሽማግሌም ሆነ መሐንዲስ ስለ ውሃው መከራከሩን ትቶ፣ ቤቱ ከድንበሩ ይህን ያህል ክንድ ይራቅ ብሎ ይወስናል። ክንዱ ውሃውን አይለካም፤ ነገር ግን ማንም ሰው፣ ቤቱ ገና ሳይሠራ፣ ሊለካው ይችላል። ሁለት ሰዎችም ለክተው አንድ ዓይነት መልስ ያገኛሉ።

የጓሮ ዶሮ ደንብ ሁሉ የተሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። ደንብ አውጪውን የሚያሳስበው አጥሩን ተሻግሮ የሚሄደው ነገር ነው፤ ድምፅ፣ ሽታ፣ ዝንብ፣ አይጥ፣ በሽታ። ድምፅ በመሣሪያ ይለካ እንጂ፣ ሽታና ዝንብ በየጓሮው እየተዞረ የሚለካበት መንገድ የለም። ድምፁንም ቢሆን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነስቶ የሚለካ ተቆጣጣሪ ያለው ከተማ አይገኝም። ስለዚህ ለመለካት የሚያስቸግረው ጉዳት ለመለካት በሚቀል ነገር ይተካል። ሽታው በዶሮ ቁጥር፣ ድምፁ በዶሮዋ ጾታ፣ ዝንቡና ብናኙ በርቀት ይተካሉ። በማንኛውም ከተማ ደንብ ውስጥ ያለን ቁጥር ሲያነቡ መጠየቅ ያለበት፣ ይህ ቁጥር የቆመው በየትኛው ጉዳት ምትክ ነው የሚለው ነው።

ምትኩ በሁለት መንገድ ይሳሳታል። አሸንዳ በደንብ የተገጠመለት ጣሪያ ያለ በቂ ምክንያት ከድንበሩ እንዲርቅ ይገደዳል። ክንዱን አክብሮ፣ ግን ወደ ጎረቤት አጋድሎ የተሠራ ጣሪያ ደግሞ ሕግ ሳይጥስ ግድግዳ ያበሰብሳል። በዶሮም እንዲሁ ነው። አሥር ዶሮ በንጽሕና የሚይዝ ሰው ሕግ ጣሰ ይባላል፤ አራት ዶሮ በቆሻሻ የሚይዝ ሰው ሕግ አክባሪ ሆኖ ሠፈሩን ያስመርራል። ለዚህ ነው አብዛኞቹ ከተሞች ከቁጥሮቹ ጎን አንድ ጠቅላላ አንቀጽ የሚያስቀምጡት፤ ቁጥሩ ቢከበርም ጎረቤትን የሚያውክ ሽታ ወይም ድምፅ ካለ ባለቤቱ ይጠየቃል ይላል።

ይህ ጠቅላላ አንቀጽ ከቁጥሮቹ በዕድሜ እጅግ ይበልጣል። በኢትዮጵያም አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225፣ ባለሀብት ጎረቤቱን እንዳያውክ፣ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅ ወይም ንዝረት እንዳያደርስ ያዛል። እዚያ ላይ ሜትርም የለም፣ የዶሮ ቁጥርም የለም። ልኩን የሚወስነው ዳኛው ነው፤ እሱም የሚወስነው ጉዳቱ ከደረሰና ክስ ከቀረበ በኋላ ነው። የከተማ ደንብ በቁጥር የሚናገረው ክሱ ከመምጣቱ በፊት ለመድረስ ነው።

በሦስተኛው ምዕራፍ፣ ከተሞች መሬታቸውን ለመኖሪያ፣ ለንግድና ለፋብሪካ በቀጠና መክፈል የጀመሩበት ታሪክ ተነግሯል። ኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ1916 አጠቃላይ የቀጠና ደንብ አወጣች፤ በ1926 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኦሃዮ ግዛት ስለምትገኘው ዩክሊድ መንደር በሰጠው ውሳኔ አሠራሩን አጸደቀው። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ጆርጅ ሰዘርላንድ፣ ጥሩ ነገር ራሱ ያለቦታው ሲገኝ ሁከት እንደሚሆን ለማስረዳት የጠቀሱት እንስሳን ነው፤ በእርሻ ግቢ መሆን ሲገባው እንግዳ መቀበያ ክፍል ውስጥ የተገኘ አሳማ። ከዚያ በፊት በነበሩት ጥቂት ዓመታት ግን መንግሥት ራሱ ዶሮ ርቡ ይል ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ባሰራጨው ማስታወቂያ፣ በቤቱ ለሚኖር ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ዶሮ በጓሮ ቢያዝ ቤተሰቡ ትኩስ እንቁላል አያጣም ብሎ ይመክር ነበር። ዶሮዋ ከከተማ ጓሮ የወጣችው የቀጠናው ሐሳብ ሥር እየሰደደ፣ መኖሪያና እርሻ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ናቸው የሚለው አስተሳሰብ ከጸና በኋላ ነው። ዛሬ ከተሞች የሚያወጡት ደንብ ዶሮዋን ወደ ጓሮ የሚመልስ ደንብ ነው፤ ልዩነቱ፣ አሁን የምትመለሰው በቁጥርና በሜትር ታጥራ መሆኑ ነው።

አውራው ለምን ተለየ

ከደንቡ ሁሉ ግልጹና በአብዛኞቹ ከተሞች ተመሳሳይ የሆነው የአውራ ዶሮ ክልከላ ነው። ብዙ ሰው፣ አውራ ከሌለ እንቁላል እንዴት ይገኛል ብሎ ይጠይቃል። ሴት ዶሮ እንቁላል ለመጣል አውራ አያስፈልጋትም፤ አውራው የሚያስፈልገው እንቁላሉ ታቅፎ በ21 ቀን ጫጩት እንዲፈለፈል ሲፈለግ ብቻ ነው። ለቁርስ የሚሆን እንቁላል ለሚፈልግ ቤተሰብ ክልከላው የሚያስቀርበት ነገር የለም። ደንብ አውጪዎች በዚህ ክልከላ ላይ በቀላሉ የሚስማሙትም ብዙ ጉዳት የሚያስቀር፣ ግን ጥቂት ጥቅም የሚነካ በመሆኑ ነው።

ድምፁ ምን ያህል እንደሚለይ በቁጥር ማየት ይቻላል። የድምፅ ጉልበት የሚገለጸው ዴሲቤል በሚባል መለኪያ ነው። መለኪያው እንደ ሜትር በእኩል ደረጃ አያድግም፤ 10 ዴሲቤል ሲጨመር ለሰው ጆሮ ድምፁ እጥፍ የሆነ ያህል ይሰማል። ሴት ዶሮ እንቁላል ስትጥል የምታስካካው ከሰዎች ተራ ጭውውት ብዙም አይበልጥም፤ ይህም ከ60 እስከ 70 ዴሲቤል ነው። የአውራ ዶሮ ጩኸት ግን በቅርብ ሲለካ 90 ዴሲቤል ያህል ይደርሳል። ገላጣ ቦታ ላይ ርቀቱ በእጥፍ ባደገ ቁጥር ድምፅ 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። በአንድ ሜትር 90 የነበረው በ2 ሜትር 84፣ በ4 ሜትር 78፣ በ8 ሜትር 72፣ በ16 ሜትር 66 ሆኖ፣ በ32 ሜትር ወደ 60 ይወርዳል። ያን ያህል ርቆ እንኳ፣ አጠገብ ተቀምጦ የሚያወራ ሰው ያህል ይሰማል ማለት ነው። በሎስ አንጀለስ አውራ ዶሮ ከሰው መኖሪያ 100 ጫማ፣ ማለትም 30 ሜትር ያህል እንዲርቅ መጠየቁ ከዚህ ስሌት ጋር ይገጥማል። ሴቷ ግን በ8 ሜትር ርቀት ላይ ከ42 እስከ 52 ዴሲቤል ትሆናለች፤ የመንገድ ድምፅ ይውጣታል።

አውራውን በጨለማ ክፍል መዝጋትም መፍትሔ አይሆንም። በጃፓን የናጎያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳሳዩት፣ አውራ ዶሮ ጎህ ሲቀድ የሚጮኸው ብርሃን ስላየ ብቻ ሳይሆን በሰውነቱ ውስጥ ያለው የቀን ቆጣሪ ሰዓቱን ስለሚነግረው ነው። ቀንና ሌሊት በማይለይበት ደብዛዛ ብርሃን ውስጥም ሰዓቱን ጠብቆ መጮሁን ቀጥሏል።

ድምፁ አንድ ሆኖ ፍርዱ ሌላ የሚሆንበት ቦታም አለ። በፈረንሳይ ኦሌሮን ደሴት ላይ ለዕረፍት የሚመጡ ጎረቤቶች ሞሪስ ስለሚባል አውራ ዶሮ ጩኸት ከሰው፣ በመስከረም 2019 እ.ኤ.አ. የሮሽፎር ፍርድ ቤት ለአውራው ባለቤት ፈረደ። አገሪቱም በጥር 2021 የገጠሩን ድምፅና ሽታ የአካባቢው ቅርስ አካል አድርጎ የሚያይ ሕግ አወጣች። ሰዘርላንድ ስለ አሳማው ያሉት በተገላቢጦሽ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው፤ አውራ ዶሮ በገጠር ቦታው ላይ ነው።

ክልከላው የሚያስከትለው አንድ ችግር ግን ከዚህ በላይ ትኩረት ይገባው ነበር። ከሚፈለፈሉ ጫጩቶች ግማሽ ያህሉ ወንድ ናቸው። የአንድ ቀን ጫጩትን ጾታ መለየት ሙያ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ለይተው የሚሸጡ ድርጅቶችም አልፎ አልፎ ይሳሳታሉ። ሁሉም ሴት ነው ተብሎ የተገዛ መንጋ ውስጥ ከጥቂት ወራት በኋላ አንዱ ጎህ ሲቀድ መጮህ ይጀምራል። ባለቤቱ እንዳያኖረው ሕግ ይከለክለዋል። በግቢ ማረድ በተከለከለበት ከተማም ሊያርደው አይችልም። መጠለያ ካልተገኘለት ብዙ ጊዜ መንገድ ዳር ይጣላል። አውራን የሚከለክል ደንብ፣ የተገኘው አውራ የት እንደሚወሰድ አብሮ ካልተናገረ ግማሽ ደንብ ነው። ሲያትል እ.ኤ.አ. በ2010 ክልከላውን ስታወጣ፣ ቀድሞ የነበሩት አውራዎች እንዲቆዩ ማድረጓ ቢያንስ ለነባሮቹ መልስ ሰጥቷል።

ቁጥሩ ስለ ኩስ ነው

የዶሮ ቁጥር ሲገደብ የሚገደበው በዋናነት ኩሱ ነው። አንዲት ዕድሜዋ የደረሰ እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 110 ግራም ያህል መኖ ትበላለች፤ የምትጥለው እርጥብ ኩስም ወደዚያው ይጠጋል። ስምንት ዶሮ በዓመት ወደ 300 ኪሎ ኩስ ይሰጣል ማለት ነው። ለአትክልት ግሩም ማዳበሪያ ነው፤ ሳይጠረግ ከተከማቸ ግን ሽታው ሠፈር ያዳርሳል።

ወፎች እንደ ላምና እንደ ፍየል ለብቻው ሽንት አይሸኑም። ከሰውነታቸው የሚወጣው የናይትሮጅን ትርፍ በኩሱ ላይ እንደ ነጭ ኖራ ሆኖ የሚታየው ዩሪክ አሲድ ነው። ይህ ነጭ ነገር ደረቅ እስከሆነ ድረስ ብዙ አይሸትም። ውሃ ሲያገኘው ግን ረቂቅ ሕዋሳት ይሠፍሩበትና አሞኒያ ወደሚባለው ጋዝ ይለውጡታል፤ ዓይን የሚያቃጥለውና አፍንጫ የሚሰነፍጠው እሱ ነው። እንግዲህ የሽታው ምንጭ ከዶሮዋ ይልቅ እርጥበቱ ነው። ከቆጡ ሥር በቂ ሰጋቱራ ወይም ጭድ ከተነጠፈ፣ ጣሪያው ካላፈሰሰ፣ የውሃ መጠጫው ካልተደፋ፣ ኩሱ በየጊዜው ከተጠረገ፣ የጎረቤት አፍንጫ ምንም ላያውቅ ይችላል።

ደንብ አውጪው ይህን ሁሉ ቢያውቅም፣ ሰጋቱራው እርጥብ ይሁን ደረቅ በየሳምንቱ እየመጣ መዳሰስ አይችልም። ዶሮ መቁጠር ግን ይችላል። ጠፈጠፉን በክንድ የለካው ሽማግሌ ያደረገውም ይህንኑ ነው።

አንዳንድ ከተሞች ለጉዳዩ ይበልጥ የቀረበ ምትክ አግኝተዋል። ዴንቨር እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣችው ደንብ ስምንት ዶሮ ወይም ዳክዬ ስትፈቅድ፣ ለእያንዳንዷ 16 ካሬ ጫማ (1.5 ካሬ ሜትር) ውሃ የሚያሰርግ መሬት እንዲኖር ትጠይቃለች። ሲሚንቶ የተለበጠ ግቢ አይቆጠርም። ቁጥሩን ከመሬቱ ጋር ያያያዘ እንዲህ ያለ ደንብ፣ ለሰፊውም ለጠባቡም ግቢ አንድ ቁጥር ከሚሰጠው ይሻላል፤ ምክንያቱም ኩሱን ተቀብሎ የሚያብላላው አፈር ራሱ ስለሆነ ነው።

ቁጥሩ ሌላም ሥራ ይሠራል፤ ጓዳን ከንግድ ይለያል። አንዲት ጥሩ ጣይ ዶሮ በሳምንት አምስት እንቁላል ያህል ትጥላለች፤ አራት ዶሮ ሃያ፣ ስምንት ዶሮ አርባ ይሰጣሉ። አርባ እንቁላል ለአንድ ቤተሰብ ከበቂ በላይ ነው። ከዚያ የሚበልጥ መንጋ የሚያረባ ሰው ለገበያ እያሰበ ነው ተብሎ ይገመታል፤ ገበያ ደግሞ መኪና፣ ደንበኛና የመኖ ክምር ይዞ ይመጣል። በቀድሞው የጦርነት ጊዜ ምክር መሠረትም ለአራት ሰው ቤተሰብ የሚደርሰው ስምንት ዶሮ ነበር። ይህ ግጥምጥሞሽ ቢሆንም፣ ቁጥሩ ከአንድ ቤት ገበታ ብዙ እንዳልራቀ ያሳያል።

ሜትሩ ከየት ተጀምሮ ይለካል

ማዲሰን የዶሮ ቤት ከጎረቤት መኖሪያ 25 ጫማ (7.6 ሜትር) እንዲርቅ ትጠይቃለች፤ ዴንቨር 15 ጫማ፣ ሲያትል 10 ጫማ። ሎስ አንጀለስ 35 ጫማ ከጎረቤት ቤት፣ 20 ጫማ ደግሞ ከዶሮው ባለቤት ከራሱ ቤት ትላለች። የመጨረሻው በተለይ ሊተኮርበት ይገባል። ከራስ ቤት ርቀት የሚጠየቀው ለሌላ ምክንያት ነው፤ ብዙ ሰው በራሱ ቤት ውስጥ ላለው ሽታና ብናኝ ቸልተኛ ሊሆን ይችላል፤ በቤቱ ያሉት ሕፃናት ግን የመምረጥ ዕድል የላቸውም።

በአምስተኛው ምዕራፍ ስለ ግንባታ ፈቃድ ሲነገር፣ ርቀት ከድንበር መለካቱና ከሕንፃ መለካቱ ትልቅ ልዩነት እንዳለው ተገልጿል። እዚህ ላይ ልዩነቱ ወሳኝ ይሆናል። ስፋቱ 40 ጫማ የሆነ ጠባብ ግቢ ይታሰብ። ደንቡ የዶሮው ቤት ከሁለቱም የጎን ድንበሮች 25 ጫማ ይራቅ ቢል፣ ሁለቱ ርቀቶች ተደምረው 50 ጫማ ይሆናሉ፤ ግቢው ግን 40 ብቻ ነው። ዶሮውን የሚያስቀምጡበት አንድ ነጥብ እንኳ የለም። በወረቀት ላይ ዶሮ ተፈቅዷል፤ በመሬት ላይ ተከልክሏል። ያው 25 ጫማ ከጎረቤት መኖሪያ ቤት የሚለካ ከሆነ ግን፣ የጎረቤቱ የራሱ ጓሮ በርቀቱ ውስጥ ስለሚቆጠር ቦታ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ የአንድን ከተማ ደንብ ጥብቅነት በጫማው ብዛት ብቻ መመዘን ያሳስታል፤ ሜትሩ ከየት እንደሚጀምር መታየት አለበት። ይህ ልዩነት ሰፊ ግቢ ያለውንና ጠባብ ግቢ ያለውን ይለያያል፤ ጠባቡ ግቢ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የእንቁላል ዋጋ ይበልጥ የሚከብደው ቤተሰብ ግቢ ነው።

አይጥና በሽታ

አይጥን የሚጠራው በዋናነት ጥሬው ነው። መኖ ክዳኑ በሚገጥም የብረት ዕቃ እንዲቀመጥ፣ ሌሊት በመመገቢያው ላይ ጥሬ እንዳያድር፣ የቤቱ ወለልና ግድግዳ አይጥ በማያሳልፍ ጠንካራ ሽቦ እንዲከለል የሚያዙ አንቀጾች ለዚህ የወጡ ናቸው። ሽቦው ዶሮዎቹን ከራኩንና ከቀበሮም ይጠብቃል። በኢትዮጵያ ሸለምጥማጥ የሚያደርሰውን ጥፋት በአሜሪካ ከተሞች የምታደርሰው ራኩን ናት።

በሽታው ከዚህ ይከብዳል። ጤነኛ የምትመስል ዶሮ በአንጀቷ ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ልትይዝ ትችላለች፤ ዶሮ አቅፎ፣ እንቁላል ለቅሞ እጁን ያልታጠበ ሰው ይያዛል፤ የሚብሰው በሕፃናትና በአረጋውያን ላይ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2020 ከጓሮ ዶሮዎች ጋር የተያያዙ 1,722 የሳልሞኔላ ሕሙማንን መዝግቧል። የወፍ ጉንፋን የሚባለው ኤች5ኤን1 ደግሞ ከየካቲት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ የዶሮ መንጋዎች ውስጥ ተሠራጭቷል። ቫይረሱን የሚያመጡት በአብዛኛው የዱር የውሃ ወፎች ናቸው፤ ኩሳቸው የነካው ውሃና መኖ ለዶሮ ይተርፋል።

የክንዱ ዘዴ የሚያቅተው እዚህ ላይ ነው። ጠፈጠፍ ከአንድ ጣሪያ ወደ አንድ ግድግዳ ይወርዳል፤ ቫይረስ ግን በአጥር፣ በጫማ ርቀት፣ በከተማ ወሰንም አይገታም። ስለዚህ በሽታን በተመለከተ ሥልጣኑ ከከተማ ወደ አገር ይወጣል። እንግሊዝ ይህን በግልጽ አሳይታለች። ቀድሞ መመዝገብ የሚገደደው 50 ወፍና ከዚያ በላይ ያለው ሰው ነበር፤ ከጥቅምት 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ከቤት የማትወጣ እንደ በቀቀን ያለች ወፍ ካልሆነች በስተቀር አንዲት ዶሮ ብቻ ያለውም ሰው እንዲመዘገብ ግዴታ ሆኗል። ዓላማው ዶሮን መገደብ አይደለም፤ በሽታ ሲነሳ በዙሪያው ያሉት ባለዶሮዎች እነማን እንደሆኑ ማወቅ ነው።

የጎረቤት ፊርማና የጎረቤት አቤቱታ

ሚኒያፖሊስ ለዓመታት ትጠይቅ የነበረው ቅድመ ሁኔታ ከሌሎቹ የተለየ ነበር። ፈቃድ የሚፈልግ ሰው በ100 ጫማ ዙሪያ ካሉት ጎረቤቶች የ80 ከመቶውን የጽሑፍ ስምምነት ማምጣት ነበረበት፤ ከተማዋ ይህን ከጊዜ በኋላ አላልታዋለች። ሐሳቡ ሲታይ መልካም ይመስላል፤ ጉዳቱ የሚደርሰው በጎረቤት ላይ ከሆነ ጎረቤቱ ይጠየቅ ነው። ነገር ግን ፊርማው የሚሰጠው ዶሮዎቹ ገና ሳይመጡ ነው። ጎረቤቱ የሚፈርደው በሽታ ወይም በድምፅ ላይ ሊሆን አይችልም፤ በሰውየው ላይ ነው። አዲስ የገባ ቤተሰብ፣ ቋንቋውን አጥርቶ የማይናገር ሰው፣ በመንገዱ ብዙ የማይታወቅ ሰው ለሁለት ዶሮ ከአሥርና ከዚያ በላይ በሮች ማንኳኳት ይኖርበታል። መብት በሌላ ሰው ፈቃድ ላይ ሲንጠለጠል ከሁሉ ቀድሞ የሚጎዳው እንግዳው ነው፤ ስለዚህ የመላላቱ እርምጃ ትክክል ነበር።

ጎረቤት ድምፅ የሚኖረው ሌላ፣ ይበልጥ የተለመደ መንገድ አለ፤ አቤቱታ። አብዛኞቹ ከተሞች ጓሮ ለጓሮ እየዞሩ ዶሮ አይቆጥሩም። ተቆጣጣሪው የሚመጣው አንድ ሰው ሲደውል ነው። መጥቶም በመጀመሪያ የሚያየው የሚለካውን ነው፤ ቁጥሩን፣ ርቀቱን፣ አውራ መኖሩን። ጥፋት ካገኘ በጽሑፍ አስታውቆ ማስተካከያ ጊዜ ይሰጣል፤ ካልተስተካከለ ቅጣት ይከተላል። ለዚህ ነው ከደንቡ ያለፈ ቁጥር ያለው ሰው ለዓመታት ማንም ሳይነካው ሊኖር የሚችለው፤ ከጎረቤቱ ጋር በሌላ ጉዳይ በተጋጨ ማግሥት ደግሞ ማስጠንቀቂያ ሊደርሰው ይችላል።

እርድ

ማዲሰን ዶሮ ማርባትን በፈቀደችበት በዚያው ደንብ ማረድን ከልክላለች፤ ሌሎችም ብዙ ከተሞች እንዲሁ ያደርጋሉ። ለበዓል ዶሮ በግቢው አርዶ፣ አሥራ ሁለት ብልት አውጥቶ ወጥ መሥራት ለለመደ ኢትዮጵያዊ ይህ ከሁሉ የሚከብደው አንቀጽ ነው። ደንብ አውጪው የሚያነሳው ምክንያት ደምና ላባ የሚወገድበት መንገድና የጎረቤት ልጆች እይታ ነው። መፍትሔው ዶሮ በሕይወት ሸጦ በደንበኛው ፊት ወደሚያርድ ፈቃድ ያለው ቤት መሄድ ነው፤ እንደ ኒውዮርክ ባሉ ትላልቅ ከተሞች እንዲህ ያሉ ቤቶች ይገኛሉ።

በአንድ ግቢ ላይ የሚያርፉ ሌሎች ሕጎች

ከተማው ፈቀደ ማለት ጉዳዩ አለቀ ማለት አይደለም። በአሜሪካ አዳዲስ መንደሮች ውስጥ ቤት የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ የቤት ባለቤቶች ማኅበር አባል ይሆናል፤ ቤቱን ሲገዛ የተቀበለው የማኅበሩ ውል ዶሮን ከከለከለ፣ የከተማው ፈቃድ ውሉን አያፈርስም። ተከራይም በኪራይ ውሉ ይታሰራል። ከተማው ይህን አላደርግብህም አለ እንጂ፣ ሌላ ሰው በውል ያሰረውን አልፈታም።

ብሪታንያ በዚህ ረገድ ከአሜሪካ በተቃራኒ ሄዳለች። እ.ኤ.አ. በ1950 የወጣው የአትክልት ቦታዎች ሕግ አንቀጽ 12፣ የኪራይ ውል ወይም ሌላ የግል ስምምነት ቢከለክልም፣ የመሬቱ ይዞታ ያለው ሰው ለንግድ ሳይሆን ሴት ዶሮና ጥንቸል እንዲያረባ ፈቀደ። እንቁላል ገና በራሽን ይታደል የነበረበት ጊዜ ነበር፤ ራሽኑ የቆመው በ1953 ነው። ሕጉ አውራ ዶሮን አልጠቀሰም። ጎረቤትን የሚያውክ ወይም ጤና የሚጎዳ አያያዝንም አልፈቀደም፤ ውሉን ሽሮ ሁከትን የሚከለክለውን ጠቅላላ መርሕ ግን በቦታው ተወው።

ስለዚህ ዶሮ ለማርባት ያሰበ ሰው የሚያነባቸው ሦስት ጽሑፎች አሉ፤ የከተማው ደንብ፣ የማኅበሩ ውል፣ ተከራይ ከሆነ ደግሞ የኪራይ ውሉ። ከከተማው ደንብ ውስጥ ቁጥሩን፣ ርቀቱ ከየት እንደሚለካ፣ ፈቃድ ማስፈለግ አለማስፈለጉን፣ አውራ ቢገኝና ዶሮ ማረድ ቢፈለግ ምን እንደሚል ለይቶ ማውጣት ይገባል። ደንቡ በከተማው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል፤ ጫጩቶቹ ከመገዛታቸውና የዶሮው ቤት ከመሠራቱ በፊት ይነበብ።